ከሪ ትልቅ ኮሌጅ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናውቀው ከሪ ይሆን ነበር?

የማታ_ፈረቃ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ አሥራ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከቅርጫት ኳስ ሌላ የሚታየው ነገር የለም። ጎበዝ ነው፣ ግን ቀጭን ነው፣ ቁመቱም እዚህ አገር ረጅም የሚያስብል አይደለም። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዞር ብለውም አላዩት። የአንድ ትንሽ ኮሌጅ አሠልጣኝ ግን ራሱ መኪና እየነዳ መጥቶ ሦስት ጊዜ ሲጫወት አይቶታል። ልጄ ደግሞ «እዚያ ከገባሁ ማን ያየኛል?» እያለ ፊቱን ቋጥሮብናል። እናቱም ጨንቋታል።

እኔ ሰሞኑን ከማታ ሥራ ስመለስ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የስቴፈን ከሪን የኮሌጅ ጨዋታዎች ማየት ጀመርኩ። በፈረንጆቹ ከ2006 እስከ 2009 ያሉትን። ሁላችንም የምናውቀው የኤንቢኤውን፣ የጎልደን ስቴት ቡድኑን ከሪ ነው፣ ከሩቅ ወርውሮ ኳሱ ሳይገባ ፊቱን አዙሮ የሚሄደውን። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው።

ልጁ እኮ የተናቀ ነበር። አባቱ ዴል ከሪ ኤንቢኤ ውስጥ 16 ዓመት ተጫውቷል። እናቱ ሶኒያም ቮሊቦል ተጫዋች ነበረች። ሁለቱም የቨርጂኒያ ቴክ ልጆች ናቸው፣ የአባትየው የማሊያ ቁጥር እዚያ በክብር ተቀምጧል። ታዲያ ያው ዩኒቨርሲቲ ለልጃቸው ምን አለ? ከፈለግህ ያለ ስኮላርሺፕ ግባ፣ የመጀመሪያውን ዓመትም ሳትጫወት ቆይ። ክብደቱ 72 ኪሎ ገደማ ነበር፣ ፊቱም ገና የሕፃን ነው። ሌሎቹም ትልልቅ ቡድኖች ያዩት ያንኑ ነው።

እሱን የፈለገው ዴቪድሰን ብቻ ነው። ከሻርሎት ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ተማሪዎቹ ሁለት ሺህ የማይሞሉ ኮሌጅ። አሠልጣኙ ቦብ ማኪሎፕ ከሪን በአሥር ዓመቱ ነው ያወቀው፣ ከራሱ ልጅ ጋር ቤዝቦል ይጫወት ነበር።

አሁን ወደ ነጥቤ ልምጣ። የመጀመሪያ የኮሌጅ ጨዋታው ከኢስተርን ሚሺጋን ጋር ነበር። ስንት ጊዜ ኳስ አበላሸ መሰላችሁ? 13 ጊዜ። በአንድ ጨዋታ አሥራ ሦስት! እኔ አሠልጣኝ ብሆን ገና በአምስተኛው አስቀምጠው ነበር። ማኪሎፕ ግን አመነው። ዴቪድሰን ከኋላ ተነስቶ አሸነፈ፣ ከሪም 15 ነጥብ ይዞ ወጣ። በሚቀጥለው ጨዋታ ሚሺጋን ላይ 32 ነጥብ አገባ።

ትልቅ ኮሌጅ ቢሆን ከአሥራ ሦስቱ ስህተት በኋላ ያ ሁለተኛ ጨዋታ ይኖር ነበር? እኔ አይመስለኝም። ወንበር ላይ ከሱ የተሻለ ስም ያላቸው አራት ልጆች ተደርድረው ይጠብቁ ነበር። እናንተ ምን ትላላችሁ?


ሀቅ_ብቻ

ወንድሜ ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ረስተሃል። ከሪ የኤንቢኤ ተጫዋች ልጅ ነው። በልጅነቱ አባቱ ሻርሎት ሆርኔትስ ሲጫወት ከታላላቆቹ ጋር ሜዳ ላይ እየወረወረ ያደገ ልጅ ነው። ቤታቸው ግቢ ውስጥ ቅርጫት ነበር፣ የሚያሠለጥነው ደግሞ በዘመኑ ከምርጥ ወርዋሪዎች አንዱ የሆነ አባት። እኔና አንተ ልጃችንን ይህን ልንሰጠው አንችልም። ስለዚህ «ትንሽ ኮሌጅ ገብቶ ከሪ ሆነ» ሲባል ቅር ይለኛል። ስንት ሺህ ልጅ ነው በየዓመቱ ትንሽ ኮሌጅ ገብቶ እዚያው የሚቀር? ልጅህን ተስፋ አስቆርጠው እያልኩህ አይደለም፣ እየተቃወምኩህም አይደለም፣ ግን እውነቱን እንወቅ።


ኮች_ሐዋሳ

እኔ ሐዋሳ ላይ ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ። ሀቅ_ብቻ ያልከው ትክክል ነው፣ ግን የአባትየው ትልቁ ስጦታ ምን እንደሆነ ልንገርህ። ከሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለ ኳሱን የሚወረውረው ከወገቡ አካባቢ አንስቶ ነበር። አቅም ስላልነበረው። ይገባለታል፣ ግን ረጅም ተከላካይ ፊቱ ሲቆም ይጨናገፋል። አንድ ክረምት አባቱ «ይህን አወራወር አፍርሰን እንደ ገና እንሠራለን» አለው። ኳሱ ከራሱ በላይ እንዲለቀቅ።

ያ ክረምት ለልጁ መከራ ነበር። ለሳምንታት ከቅርጫቱ ሥር ርቆ መወርወር አልቻለም። ከሪ ራሱ ደጋግሞ ተናግሮታል፣ ኳስ የጠላበት ክረምት ነበር። ሴዝ የሚባለው ወንድሙና አባቱ ግቢ ውስጥ አብረውት ነበሩ፣ እንባ ሁሉ ነበረበት።

እኔ ይህን ለልጆቼ ሁልጊዜ አወራላቸዋለሁ። ምክንያቱም አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ፣ እየገባለት ያለውን ነገር ከሁለት ዓመት በኋላ ለሚመጣ ጥቅም ሲል አፍርስ ሲባል ማን እሺ ይላል? እኔ ጋ አንድም ልጅ እሺ ብሎኝ አያውቅም። ሁለት ቀን ይሞክርና ቅዳሜ ጨዋታ ሲመጣ ወደ ድሮው ይመለሳል።

ደግሞ ተመልከቱ። ይህ ሁሉ ተሠርቶ፣ አወራወሩ ተስተካክሎ፣ አባቱ ዴል ከሪ ሆኖ፣ እሱን እንኳ ትልልቆቹ አልወሰዱትም። ስለዚህ አባት ሁሉን ነገር አይከፍትም።


ራሊ_ነበርኩ

እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልጻፍ።

በ2008 ሰሜን ካሮላይና ራሊ ከተማ ነበርኩ። ገና አሜሪካ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ምግብ መሸጫው ላይ እሠራ ነበር። ስለ ቅርጫት ኳስ የማውቀው አንዳች ነገር አልነበረም። በማርች ወር የኮሌጆች ጥሎ ማለፍ መጣ፣ ማርች ማድነስ የሚሉት። እዚያው አዳራሽ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲም ይጫወት ስለነበር ቤቱ በውሃ ሰማያዊ ልብስ ተሞልቷል። ዴቪድሰን ያኔ ለእኔ ስሙም አዲስ ነው።

አርብ ዕለት ከጎንዛጋ ጋር ተጫወቱ። እኛ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆነን ጩኸቱን ብቻ ነው የምንሰማው። በሁለተኛው አጋማሽ ጩኸቱ ተቀየረ። እንዴት ልግለጸው፣ የአንድ ቡድን ደጋፊ ጩኸት አይደለም፣ የቤቱ ሁሉ ነው። አለቃችን ራሱ «ሂዱ እዩ፣ አሁን የሚገዛ ሰው የለም» አለን። ወጥቼ አየሁ። አንድ ቀጭን ልጅ፣ ማሊያው ሰፍቶት፣ ከየትም ይወረውራል፣ ይገባል። እኔ በዚያን ሰዓት ከሩቅ ሲገባ ሦስት ነጥብ የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም። አጠገቤ የቆሙ ሽማግሌ ፈረንጅ ራሳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር።

እሑድ ደግሞ ጆርጅታውንን ገጠሙ። የፈረንጆች ፋሲካ ነበር። ጆርጅታውን ግዙፍ ናቸው፣ ከዓመት በፊት እስከ መጨረሻዎቹ አራት የደረሱ። በ17 ነጥብ መሩ። እኔ አለቀ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከዚያ ያ ጩኸት እንደ ገና መጣ።

ያን ቀን ማታ ክፍሌ ገብቼ ለእናቴ ደወልኩ። ስለ ኳስ አይደለም ያወራኋት። ብቻ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያ ዓመት ብዙ ደስ የሚል ነገር አልነበረኝም።


ቁጥር_ወዳድ

እህቴ ራሊ፣ ያየሽው ነገር ምን እንደነበር በቁጥር ልንገርሽ።

ጎንዛጋ ላይ 40 ነጥብ አገባ። 30ው በሁለተኛው አጋማሽ ነው። ከ10 ባለ ሦስት ነጥብ ሙከራ 8ቱ ገብተዋል። ጆርጅታውን ላይ 30፣ ከነዚያ ውስጥ 25ቱ ከእረፍት በኋላ። 74 ለ70 አለቀ። ዴቪድሰን ከዚያ በፊት በዚህ ውድድር ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈው በ1969 ነበር፣ ወደ 40 ዓመት!

ብዙ ሰው የማያነሳው ግን የዚያ ዓመት መጀመሪያ ነው። ማኪሎፕ ቡድኑን ሆን ብሎ ከትልልቆቹ ጋር አጋጠመው። ከሰሜን ካሮላይና፣ ከዱክ፣ ከዩሲኤልኤ። ሁሉንም ተሸነፉ። 4 አሸንፈው 6 ተሸንፈው ነበር። ከዚያ በኋላ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ ማርች ደረሱ፣ 22 ጨዋታ በተከታታይ። ራሊ ላይ ያልፈሩት ለዚህ ይመስለኛል፣ ትልልቆቹን በኖቬምበርና በዲሴምበር አይተዋቸዋል።

ቀጥሎ ዲትሮይት ሄዱ። የኮሌጁ ቦርድ ለተማሪዎቹ አውቶቡስ፣ የመግቢያ ትኬትና ማደሪያ ከፈለላቸው። ሌብሮን ጄምስ ሊያየው መጣ። ዊስኮንሲን ያኔ በመከላከል የታወቀ ቡድን ነው፣ ከሪ 33 አገባበት፣ 73 ለ56።

ከዚያ ካንሳስ። ለመጨረሻዎቹ አራት ለመግባት። 59 ለ57 እየተመሩ የመጨረሻው ኳስ ከሪ እጅ ነበር። ሁለት ተከላካይ ዘጋበት። ለጄሰን ሪቻርድስ አቀበለው። ሪቻርድስ ወረወረ፣ ሳተ። የካንሳስ አሠልጣኝ ቢል ሰልፍ በጉልበቱ ተንበረከከ። ካንሳስ በኋላ ዋንጫውን ወሰደ።

በዚያ ዓመት ከሪ 162 ባለ ሦስት ነጥብ አስገባ፣ በኮሌጅ ታሪክ በአንድ ዓመት ውስጥ ከፍተኛው ነበር።

ሪቻርድስን ሰዎች የሚያስታውሱት በሳተው ኳስ ነው። ያ ያናድደኛል። በዚያ ዓመት በመላው አሜሪካ ኮሌጆች በማቀበል አንደኛው እሱ ነበር፣ በጨዋታ ከ8 በላይ። ከሪ ነፃ ሆኖ የሚያገኘው ኳስ ከማን እጅ ይመጣ ነበር? ከናይጄሪያ የመጣው አንድሩ ላቭዴልም እንደዚሁ፣ ለሪባውንድ፣ ስቶ ለሚመለስ ኳስ ማለት ነው፣ ሲታገል የሚውል ልጅ ነበር፣ ጎንዛጋ ላይ ጨዋታው እኩል ሆኖ ሳለ ኳሱን ታግሎ አውጥቶ ለከሪ የሰጠው እሱ ነው።


የወወክማ_ልጅ

ልጆች፣ እኔ በዕድሜ ከሁላችሁም ሳልበልጥ አልቀርም። አዲስ አበባ ወወክማ ሜዳ ላይ ነው ቅርጫት ኳስ የጀመርኩት። ያኔ ኳሷ ተጠግና ተጠግና ክብነቷ ጠፍቶ ነበር። ዛሬም እዚህ አትላንታ ተቀምጬ አንድ ጨዋታ አያመልጠኝም።

ከሪን እኔ የወደድኩት ጥሩ በተጫወተበት ቀን አይደለም። ምንም ባላገባበት ቀን ነው። ኖቬምበር 2008፣ ሦስተኛ ዓመቱ። የሜሪላንዱ ሎዮላ ሊገጥማቸው መጣ። የሎዮላ አሠልጣኝ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ሁለት ተጫዋች ከሪ ላይ ለጠፈበት። ኳስ ቢኖረውም ባይኖረውም ሁለቱ ከሱ አይለዩም። በዚያ ዓመት በአገሩ ሁሉ በነጥብ አንደኛ የሆነው ልጅ ምን አደረገ? ጥግ ሄዶ ቆመ። ሁለቱን ይዟቸው ቆመ። እናንተ አራት ሆናችሁ ሦስቱን ግጠሙ አላቸው ጓደኞቹን። ሦስት ጊዜ ብቻ ወረወረ። ዜሮ ነጥብ። ዴቪድሰን በ30 ነጥብ አሸነፈ።

እኛ ዘመን ቢሆን እንኳን ሙሉ ጨዋታ፣ አምስት ደቂቃ ኳስ ያልደረሰው ልጅ ሜዳውን ጥሎ ይወጣ ነበር። እኔም አድርጌዋለሁ፣ ዛሬም ይቆጨኛል። የማታ ፈረቃ፣ ለልጅህ ይህን ጨዋታ አሳየው። የ40 ነጥቡን በራሱ ያገኘዋል።


ሀቅ_ብቻ

ጋሼ ይህን አላውቀውም ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ፈልጌ አየሁት፣ እንዳሉት ነው።

ሐሳቤን ትንሽ ላስተካክል። አባትየው በሩን ከፈተለት ብዬ ነበር፣ ኮች ሐዋሳ እንዳለው በሩ እንኳ አልተከፈተም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ለምን ወደ ኤንቢኤ አልሄደም? ያን ያህል ስም አግኝቶ። ኬቨን ዱራንት እኮ አብሮት ኮሌጅ የገባ ነው፣ ቴክሳስ አንድ ዓመት ተጫውቶ ወጣ። እኔ ብሆን ዲትሮይት ማግስት ሻንጣዬን እይዝ ነበር።


ቁጥር_ወዳድ

እሱ ነው ዋናው ነገር! ሪቻርድስ ተመርቆ ወጣ። ከሪ እስከዚያ ድረስ ከሌላ ሰው ኳስ እየተቀበለ የሚወረውር ነበር። ኤንቢኤ ውስጥ 1 ሜትር ከ88 የሆነ ሰው ኳስ መምራት አለበት፣ ፖይንት ጋርድ መሆን አለበት። የት ይማረው? ዴቪድሰን ተመልሶ ሦስተኛውን ዓመት ኳስ መሪ ሆኖ ተጫወተ። በአማካይ 28.6 ነጥብ፣ በአገሩ አንደኛ። የሚያቀብለውም ወደ 5.6 ከፍ አለ። በዚያው ዓመት የኮሌጆች የሦስት ነጥብ መስመር ወደ ኋላ ርቆ ነበር፣ 30 ሴንቲ ገደማ። ከሩቅ የሚያስገባበት መቶኛ ቢወርድም ነጥቡ አልቀነሰም።

ዓመቱ ግን በቡድን ደረጃ አላማረም። በራሳቸው ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ላይ በኮሌጅ ኦፍ ቻርልስተን ተሸነፉ፣ ለማርች ሳይመረጡ ቀሩ። ኦክላሆማን ሲገጥሙ 44 አግብቶ ተሸንፈዋል፣ በሌላው ወገን ብሌክ ግሪፊን ነበር። ዋንጫም ጭብጨባም የሌለበት ዓመት ነው። ግን እኔን ብትጠይቁኝ ኤንቢኤ የገባው በዚያ ዓመት ምክንያት ነው። በሦስቱ ዓመት 2,635 ነጥብ።


ቤይ_ኤሪያ

እኔ ከ2005 ጀምሮ ኦክላንድ ነኝ፣ ቀጣዩን እኔ ልቀጥል።

ጁን 2009 ድራፍት፣ የኤንቢኤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ቀን። አንደኛ ግሪፊን። ሁለተኛ ማን መሰላችሁ? የጎረቤታችን ልጅ፣ ታንዛኒያዊው ሃሺም ታቢት፣ ከዳሬሰላም፣ 2 ሜትር ከ21። እኔና ጓደኞቼ ስለ ከሪ አይደለም ያወራነው ያን ቀን፣ ምሥራቅ አፍሪካ ሁለተኛ ወጣች ብለን ነው የጮህነው። ሦስተኛ ሃርደን፣ አራተኛ ታይሪክ ኢቫንስ። ሚኒሶታ አምስተኛና ስድስተኛውን ይዛ ነበር፣ ሁለቱንም በፖይንት ጋርድ ሞላቻቸው፣ ሪኪ ሩቢዮና ጆኒ ፍሊን። ከሪን ሁለት ጊዜ አለፈችው! ፍሊን ከሦስት የውድድር ዓመት በኋላ ሊጉ ውስጥ አልነበረም። ሰባተኛ ጎልደን ስቴት ጠራው። ስምንተኛዎቹ ኒክሶች ነበሩ፣ አዳራሹም የነሱው ኒውዮርክ ነው፣ ደጋፊው ከሪ ይደርሰናል ብሎ ሲጠብቅ ያዘነው ማዘን!

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ ዓመቱ 17.5 ነጥብ፣ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ምርጫ ላይ ከኢቫንስ ቀጥሎ ሁለተኛ። ጥሩ ነው። ግን ቁርጭምጭሚቱ! አሁን ለምትመለከቱት ልጆች ይህ አይገባችሁም። ያኔ በሠፈራችን «ዛሬ ስንተኛው ደቂቃ ላይ ይወድቃል» እየተባለ ነበር የሚታየው። በ2011 ቀዶ ሕክምና፣ በ2012 እንደ ገና። በ2011–12 የተጫወተው 26 ጨዋታ ብቻ ነው። ቡድኑ በዚያው ዓመት ከሱና ከሞንታ ኤሊስ አንዱን መምረጥ ነበረበት፣ ኤሊስ ያኔ የኦክላንድ ልጆች ነፍስ ነው። ኤሊስን ሸጡ፣ ቁርጭምጭሚቱ የሚወልቀውን ያዙ። ሕዝቡ አልወደደውም። እኔም አልወደድኩትም፣ ያን ሰሞን ጨዋታ ማየት ሁሉ ትቼ ነበር።

ኦክቶበር 2012 ላይ ለ4 ዓመት በ44 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ለእሱ ደረጃ ትንሽ ነበር፣ በእግሩ ምክንያት። በፌብሩዋሪ 2013 ያው ኒውዮርክ፣ ያው ያልወሰዱት ኒክሶች ሜዳ ላይ 54 ነጥብ አገባ፣ ከ13 ሦስት ነጥብ 11። ተሸነፉ እንኳ። እኔ የዚያን ቀን ነው ያመንኩት። ከዚያ ያለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ የ2015፣ የ2017፣ የ2018፣ የ2022 ዋንጫ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ ቁርጭምጭሚት ሲያሠቃየው ሁሉም ሰው «ሰውነቱ ለዚህ ሊግ አልተሠራም» ይል ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቱም ያሉት ይህንኑ ነው። ልጁ ይህን ንግግር ለምዶት ነው የመጣው።


ተማሪ_ነኝ

ሁላችሁም ያላችሁት ያምራል፣ ግን ያኔና አሁን አንድ አይደለም። እኔ አሁን ኮሌጅ ነኝ፣ ተጫዋቾችን በየቀኑ አያለሁ። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። ከ2025 ወዲህ ደግሞ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው በቀጥታ ይከፍላሉ። ዝውውሩም ክፍት ነው። ዛሬ አንድ ልጅ ትንሽ ኮሌጅ ገብቶ ጎንዛጋ ላይ 40 ቢያገባ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስልኩ አያርፍም። ሚሊዮን ዶላር ይዘው ይመጣሉ። የዛሬው ከሪ ዴቪድሰን ሦስት ዓመት አይቆይም። የሚፈርድበትም የለም፣ እናቱ ሁለት ሥራ የምትሠራ ልጅ ቢሆን እንዴት እምቢ ይበል?

ከሪ ራሱ ይህን ያየ ይመስለኛል። በማርች 2025 የዴቪድሰን ቡድን ረዳት ጄኔራል ማናጀር ሆነ፣ ገና ኤንቢኤ ውስጥ እየተጫወተ! ገንዘብ በማሰባሰብም አግዟል። ዝም ቢባሉ ትንንሾቹ ኮሌጆች ልጅ አሳድገው ለትልልቆቹ የሚያስረክቡ ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

ለማታ ፈረቃ ግን ይህ መልካም ዜና ነው ጋሼ። ልጅዎ ትንሽ ቦታ ቢገባ በሩ አይዘጋበትም። ከተጫወተ ያዩታል። ቁጭ ካለ ነው የማያዩት። እኔ ጋ አንድ ልጅ አለ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ሲመጣ ስሙ የገነነ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያሟሟቃል፣ ይቀመጣል። ምሳ ስንበላ ስለ ጨዋታ አያወራም።


የማታ_ፈረቃ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ይህን ሁሉ እያነበብኩ ነው የማታውን ሥራ የጨረስኩት።

ጋሼ የወወክማ ልጅ፣ እንዳሉኝ የሎዮላውን ጨዋታ አሳየሁት። መጀመሪያ ስልኩን እየነካካ ነበር የሚያየው። ከዚያ «አባዬ ለምን አይሮጥም?» አለኝ። ምክንያቱን ስነግረው ዝም አለ። እንደ ገና ከመጀመሪያው ከፈተው። እኔ ተኛሁ፣ እሱ አልተኛም።

ተማሪ ነኝ፣ ስለ ገንዘቡ ያልከው እኔንም ያሳስበኛል። ገና በአሥራ ሰባት ዓመቱ ስለ ሚሊዮን ቢያስብ አልፈልግም። ግን «ቁጭ ካለ ነው የማያዩት» ያልካትን ለእናቱ አነበብኩላት። እሷም ደግማ አስነበበችኝ።

ሀቅ ብቻ፣ አንተን ሳልመልስ አልቀርም። እኔ ልጄ ከሪ ይሆናል ብዬ አይደለም። ኤንቢኤ ገባ አልገባ አይደለም ጉዳዬ። የሚወደውን ነገር አራት ዓመት እየተጫወተ፣ እየተሳሳተ፣ የሚያምነው ሰው አጠገቡ ኖሮ እንዲማር ነው የምፈልገው። ከዚያ ተመርቆ ይውጣልኝ።

ቅዳሜ ኮሌጁን ልናይ ሦስታችንም እንሄዳለን።


ራሊ_ነበርኩ

መመረቅን ካነሳህ አይቀር፣ እኔን ያስለቀሰኝ ይህ ነው። ከሪ በ2009 ሲወጣ አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር። ለእናቱና ለማኪሎፕ እጨርሳለሁ ብሎ ቃል ገባ። ዴቪድሰን ደግሞ ያልተመረቀን ሰው ቁጥር በክብር አይሰቅልም፣ ማንም ይሁን ማን። የዓለም ኮከብ ሆነ፣ ሦስት ዋንጫ በላ፣ ሁለት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተባለ፣ ቁጥሩ አልተሰቀለም። እሱም ቅር አላለው፣ እነሱም ሕጉን አላጠፉለትም። በ2022 ሶሲዮሎጂውን ጨረሰ። በሜይ የዚያ ዓመት ተማሪዎች ሲመረቁ እሱ ጨዋታ ላይ ነበር፣ በኦገስት መጨረሻ ለብቻው ድግስ አዘጋጅተው አስመረቁት፣ በዚያው ቀን 30 ቁጥሩን ሰቀሉለት። 13 ዓመት ቆይቶ!

እኔም ያን ዓመት ነው ያቋረጥኩትን ነርሲንግ የጨረስኩት። አብረን ተመረቅን እላለሁ ለልጆቼ።

ቅዳሜ ስትመለሱ ጻፍልን፣ እንጠብቃለን።


ኮች_ሐዋሳ

አደራ አሠልጣኙን ስለ ክብደትና ስለ ቁመት አትጠይቁት። ሌሎቹን ልጆች ስህተት ሲሠሩ እንዴት እንደሚያናግራቸው ተመልከቱ። ልምምድ ላይ ከተገኛችሁ አሥር ደቂቃ ይበቃል።


የማታ_ፈረቃ

ሄደን መጣን።

ኮች እንዳልከው ልምምድ ላይ ተቀመጥን። አንድ ልጅ ኳስ አበላሸ፣ አሠልጣኙ ጠርቶ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ነገረውና መልሶ ላከው። ልጁ ወዲያው ያንኑ ኳስ እንደ ገና ሞከረ። እናቱ ክንዴን ነካ አደረገችኝ።

በኋላ ቢሮው ገባን። እኔ ስለ ስኮላርሺፑና ስለ ትምህርቱ ጠየቅሁ፣ እናቱ ስለ ምግቡና ስለ መኝታው። ልጄ ዝም ብሎ ቆየና «እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ። «በመጀመሪያ ጨዋታዬ 13 ጊዜ ኳስ ባበላሽ ታወጣኛለህ?»

አሠልጣኙ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ገባው፣ ፈገግ አለ። ትንሽ አሰበና «አዎ፣ አስወጣሃለሁ። አጠገቤ አስቀምጬ ውሃ እሰጥሃለሁ። ከዚያ መልሼ አስገባሃለሁ» አለው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ልጄ ከኋላ ሆኖ የመኝታ ክፍሎቹን ሥዕል ለእናቱ ያሳያት ነበር።